ሰሚራን ያስከሰሰው ቁጥር

ሙሉጌጥ ስትናደድ አትጮህም፤ ድምፅዋ ይወርዳል። ሀዋሳ መናኸሪያ አካባቢ ባለ አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ኔትወርክ ስትጠግን ኖራለች። ኮርኒስ ውስጥ ገብታ ገመድ የምትስበው እሷ፣ ኢንተርኔት በተቋረጠ ቁጥር የምትሰደበውም እሷ ናት። ባለፈው ሰኔ ያናደዳት ግን ሌላ ነገር ነው።

ሰኞ ጠዋት የሬጅስትራር ክፍል ሠራተኛዋ ሰሚራ የእገዳ ደብዳቤ ይዛ፣ ዓይኗ ቀልቶ ወደ እሷ መጣች።

«የአንድ ተማሪ ውጤት ከኤፍ ወደ ቢ ተቀይሯል፤ በአንቺ የይለፍ ቃል፣ ከአንቺ ኮምፒውተር፣ ዓርብ ሰባት ሰዓት ላይ አሉኝ። ሙሉዬ፣ እኔ እኮ ያን ሰዓት ቤቴ ምሳ እየበላሁ ነበር!»

«ኮምፒውተርሽን አጥፍተሽው ነበር?»

«አላጠፋሁትም፤ ቆልፌው ነው የወጣሁት።»

ሙሉጌጥ ጥርሷን ነከሰች። በመጋቢት ምክትል ዲኑ ሰይፈሚካኤል የሬጅስትራር ሠራተኞችን የይለፍ ቃል በወረቀት አስጽፎ ሲሰበስብ፣ ልክ አይደለም ብላው ነበር። «አንቺ ገመድሽን ጠግኚ» ነበር ያላት።

በቀጥታ ወደ ዲኑ ወደ አቶ ሸዋንግዛው ቢሮ ወጣች።

«ውጤት መቀየር የሚቻለው ከሰሚራ ኮምፒውተር ብቻ ነው ያልሽን አንቺው ነሽ» አሏት።

«ሲስተሙ የሚያውቀው የኮምፒውተሩን አድራሻ ነው፤ ከፋብሪካ ይዞት የወጣውን ቁጥር። ያንን ቁጥር ሌላ ኮምፒውተር ላይ መጻፍ ይቻላል።»

«ማስረጃ አለሽ?»

«አመጣልዎታለሁ» አለች፤ ድምፅዋ በጭንቅ ይሰማ ነበር።

የሕንፃው ገመድ ሁሉ የሚሰበሰበው ስዊች በሚባለው ሳጥን ላይ ነው። ሳጥኑ ማን የት እንዳለ የሚነግረው የለም፤ ራሱ ይማራል። መልእክት ሲገባ የላኪውን አድራሻ አይቶ፣ በየትኛው ፖርት፣ ማለትም በየትኛው የገመድ መሰኪያ እንደመጣ ይመዘግባል። ለዚያ አድራሻ የሚሄድ ነገር ሲመጣ በዚያው ፖርት ብቻ ያስወጣል። አድራሻውን የማያውቀውን ወደ ሁሉም ፖርት ይበትነዋል፤ ደቂቃዎች ዝም ያለውንም ከመዝገቡ ይሰርዘዋል። አንድ አድራሻ ሁለት ፖርት ላይ ሲታየው ግን ግራ ይገባዋል፤ እዚህ ነው ሲል እዚያ ይመጣበታል። ሙሉጌጥ እንዲህ ያለው ግራ መጋባት ሁሉ ሰርቨር ላይ እንዲጻፍ ያደረገችው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ማንም አላዘዛትም፤ ማንም አላመሰገናትም።

የዓርቡን መዝገብ ከፈተች። ከሰባት ሰዓት ከአምስት እስከ ሰባት ሰዓት ከሩብ የሰሚራ ኮምፒውተር አድራሻ ከፖርት አራት ወደ ፖርት አሥራ ዘጠኝ፣ ከአሥራ ዘጠኝ ወደ አራት ሲመላለስ ቆይቷል። ፖርት አራት የሰሚራ ጠረጴዛ ነው። በፖርት አሥራ ዘጠኝ ገመድ ላይ ደግሞ በራሷ እጅ ጽሑፍ «ምክትል ዲን» የሚል ተለጥፏል።

አትማ አቶ ሸዋንግዛው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ሳጥኑ ተሳስቶ ቢሆንስ?»

«ዓመቱን ሙሉ ሳይሳሳት ውጤቱ በተቀየረባት አሥር ደቂቃ ብቻ ነው የተሳሳተው?»

«እሺ፤ ነገሩን በዝምታ ብንይዘው…»

«ሰሚራን በዝምታ ነው ያገዷት? ስሟን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ነው ያስለጠፉት! የሁለት ልጆች እናት፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ዕቃዋን በፌስታል ይዛ ነው የወጣችው። ዛሬውኑ ኮሚቴ ካልጠሩ ይህን ወረቀት እዚያው ሰሌዳ ላይ እለጥፈዋለሁ።»

ኮሚቴው ተጠራ። የምክትል ዲኑ ላፕቶፕ ሲፈተሽ የተቀዳው አድራሻ እንዳለ ተገኘ፤ ተማሪው የሚስቱ ወንድም ነበር። ሰሚራ ሐሙስ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። የተሰጣት ደብዳቤ የሚለው «በተፈጠረው አለመግባባት» ብቻ ነው፤ ይቅርታ የሚል ቃል የለበትም። ሰይፈሚካኤል «በራሱ ፈቃድ» ለቀቀ፤ ጭራሽ ሐይቁ ዳር የመሸኛ ምሳ ተዘጋጀለት።

ሙሉጌጥም ተጠርታ ነበር፤ አልሄደችም። ሌሎቹ ዓሣ ሲበሉ እሷ ስዊቹ ፊት ተቀምጣ፣ እያንዳንዱ ፖርት የራሱን ኮምፒውተር አድራሻ ብቻ እንዲቀበል፣ ሌላ ከመጣበት እንዲዘጋ አንድ በአንድ አስተካከለች። ከንዴት ብዛት ጣቷ እየሳተ ሦስት ጊዜ ደግማ ጻፈች።

በሳምንቱ አዲሱ ምክትል ዲን የግል ላፕቶፑን ሰክቶ፣ አልሠራ ሲለው ደወለላት።

«በደብዳቤ ይጠይቁ» አለችው፤ ስልኩንም ዘጋችው።