«አብላ» የተባልኩባቸው ዓመታት

ሥራ የገባሁ ቀን ሙዲሩ፣ ሥራ አስኪያጁ ማለት ነው፣ ወረቀቶቼን ማንበብ የጀመረው ከሥር ነው። እኔ ዶክትሬቴን ከላይ አድርጌ ነበር የሰጠሁት፤ በውሃ ማይክሮባዮሎጂ። እሱ ገለባብጦ የመጀመሪያ ዲግሪዬን አወጣና «ባዮሎጂ ማስተማር ይላል። መምህርት ነሽ» አለኝ።

«ዶክተር ነኝ» አልኩት።

«እሱ በኋላ የመጣ ነው። ቴክኒሻን ብለን እንጽፍሻለን። ያላ፣ ወደ ሥራ።»

ደሜ ፈላ። ማስተማርን መች መረጥኩት? ተመድቤ እኮ ነው! ስም ዝርዝር ተለጠፈ፣ ስሜን አየሁ፣ አለቀ።

ድርጅቱ ጅዳ ያለ የግል ላብራቶሪ ነው፤ የመካ ሆቴሎችን ውሃ ይመረምራል። መካ ኩዳይ ሰፈር ሄጄ የሆቴል ጣሪያ እወጣለሁ፣ ጀርሙ እንዲሞት የታንከሩን ቧንቧ በእሳት እለበልባለሁ፣ ውሃውን ጥቂት አፈስስና በንጹሕ ጠርሙስ እቀዳለሁ። ላብራቶሪ ስመለስ አጣርቼ ኢንኩቤተር ውስጥ አስገባዋለሁ፤ በማግስቱ የበቀለውን ባክቴሪያ አነባለሁ። ውጤቱን የምጽፈው እኔ፣ የሚፈርመው ሌላ።

መምህርትነቴ ከተሰማ ወዲህ ሹፌሩም ጸሐፊውም «ያ አብላ» ይሉኝ ጀመር። እዚህ ሴት አስተማሪ አብላ ነው የምትባለው። ጅዳ ጉለይል ሰፈር አብራኝ የምትኖረው ሰዓዳ፣ ሰው ቤት የምትሠራ የወሎ ልጅ፣ ይህን ስትሰማ በሳቅ ሞተች።

«ወላሂ ስም አወጡልሽ! አብላ? ማንን ነው የምታበዪው?»

ያኔ አብሬያት ሳቅኩ።

አዲስ ምሩቅ በመጣ ቁጥር «አብላ ታሳይሃለች» ይባላል። ባሲም የሚባል ወጣትም እንዲሁ መጣ። ዶክትሬቱ ከእኔው ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ የመጀመሪያ ዲግሪው ግን ባዮሎጂ ብቻ ይላል፣ ማስተማር የሚል ቃል የለበትም። ከቧንቧ መለብለብ ጀምሬ አሳየሁት። ጨዋ ልጅ ነው፣ በእሱ ቂም የለኝም።

ከዚያ የክፍላችን ኃላፊ ለቀቀ። ድርጅቱ የቤተሰብ ቪዛ የሚጠይቀው ለኃላፊዎች ብቻ ነው፤ ልጄ መርየም ደግሞ ደሴ እናቴ ዘንድ ናት። «ኢንሻአላህ አሁን ትመጫለሽ» አልኳት። ቦታው ለባሲም ተሰጠ።

ሙዲሩ ጠራኝና «አብላ፣ የኃላፊነቱንም ሥራ አንቺው አሳዪው» አለኝ። አያፍርም እንዴ ሰው!

«በእኔ ቋንቋ አብላ ማለት ሌላውን አጉርስ ማለት ነው» አልኩት። «አጎረስኩ። ኸላስ። ስሜ ዶክተር ሐሊማ ነው።»

«እሺ፣ ዶክቶራ» አለ እየሳቀ። ሥራውን ለባሲም አላሳየሁትም። ቦታውም የእኔ አልሆነ፣ መርየምም አልመጣች።

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ተመደበችና ደወለችልኝ። «እማ፣ ባዮሎጂ ማስተማር ደረሰኝ!»

«አስቀይሪ!» ብዬ ጮህኩባት።

«ማስተማር ምን ነውር አለው?»

ምንም ነውር የለውም። እኔን የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

ለዶክትሬት የምትነሱ ልጆች፣ የመጀመሪያ ዲግሪያችሁ በምትሄዱበት አገር ምን ተብሎ እንደሚነበብ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ለእኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም።