የሰው ሆድ የሚያውቅ ልቦለድ

ዛሬ ፒያሳ ዝናብ የነካው አሮጌ መጽሐፍ ስገልጥ ሽታው ወደ ስድስተኛ ክፍል መለሰኝ። ያኔ እናቴ ቡሹሎ ጤና ጣቢያ ተኝታ ነበር። ትልልቆቹ ሁሉ «ደህና ናት» እያሉ ዓይናቸውን ያሸሹብኝ ነበር።

«ጋሼ፣ ‹እኔ› እያለ የሚያወራውን አልፈልግም» አልኳቸው ያኔ አንድ ቀን፣ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡ ሽማግሌን። «ሰው ሁሉ በሆዱ የያዘውን የሚያውቀውን ይስጡኝ።»

«አንቺ ደግሞ፣ ወሬኛ ደራሲ ነዋ የምትፈልጊው!» ብለው ሳቁ። መጽሐፉን ሲሰጡኝ ግን «እሱም ቢሆን ልጄ፣ የሚነግረው ለአንባቢው ነው፤ ውስጡ ላሉት ሰዎች አይነግራቸውም» አሉኝ።

መጽሐፉን ይዤ ሰፈራችን ታቦር ስደርስ በራችን ላይ የለቅሶ ድንኳን ተተክሏል። ከሰፈሩ ሁሉ መጨረሻ የሰማሁት እኔ ነበርኩ።

አሁን የራሴን ልቦለድ እየጻፍኩ ነው፤ ደግሞ እችልበታለሁ! ተራኪዬ የሁሉንም ሆድ ያውቃል። እናቴ ያን ቀን ጠርታኝ እንደሆነ ግን እሱም አያውቅም።