ሱሪውን ያጠበበለት ወንድም

ልብስ ሰፊውን ሰፈሩ «ዓይነ ሜትር» ይለዋል። ሜትሩን አንገቱ ላይ ያንጠለጥለዋል እንጂ ብዙም አይነካውም። ደንበኛ በሩን አልፎ ሲገባ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ አንዴ ቃኘት ያደርገውና «ሰሞኑን ቦርጭ ጀምረሃል» ይላል፤ ወይም «አንቺ ደግሞ አንድ ትከሻሽ ዘመም ብሏል፣ ቦርሳ በአንድ ወገን ብቻ አታንጠልጥዪ» ይላል። ተለክቶ ሲታይ ከግምቱ አንድ ጣት አያልፍም። በዚህ የሚኮራው ኩራት ለጉድ ነው፤ ሐኪም እንኳ እንደኔ ሰው አያይም እያለ ይጎርር ነበር። እሱ ሲጎርር የገዛ ወንድሙ ዓይኑ ሥር እያለቀ ነበር።

ወንድሙ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። አባታቸው ሲሞት ገና የወተት ጥርሱን ያልጨረሰ ልጅ ስለነበር፣ ያሳደገውም፣ ያስተማረውም፣ መንጃ ፈቃድ እንዲያወጣ የገፋፋውም ልብስ ሰፊው ነው። ስለዚህ ሹፌሩ ሸብቶም፣ ልጅ ድሮም «ጋሼ» ነው የሚለው፤ ጋሼ ያለው ደግሞ ሕግ ነው። ይኼ ሹፌር ጨዋታ አዋቂ ነበር። መሪውን ይዞ ወሬውን ሲያመጣው፣ ተሳፋሪው ወሬው እስኪያልቅ ብሎ መውረጃውን ያልፋል ይባልለታል። ሚስቱ የሞተችበት ጊዜ እንኳ ሥራው ያዘው፣ ሰው ደገፈው፣ አለቀሰና ተነሳ። ጡረታ ሲወጣ ግን ያ ሁሉ ሰው በአንድ ቀን ከአጠገቡ ጠፋ።

መጀመሪያ ከሰዓት ከሰዓት ወደ ወንድሙ ሱቅ እየመጣ፣ ከስፌት መኪናው አጠገብ አግዳሚው ላይ ይቀመጥ ነበር። ጨዋታው ግን እያጠረ ሄደ። እንቅልፍ እምቢ እንዳለው፣ ምግብ አፉ ውስጥ ጨርቅ ጨርቅ እንደሚለው፣ ጠዋት የጫማ ክር ማሰር ራሱ እንደሚከብደው አልፎ አልፎ ጣል ያደርጋል። ልብስ ሰፊው ክር በጥርሱ እየበጠሰ፣ እርጅና ነዋ፣ ምን ልትሆን ኖሯል፣ ጎረምሳ? ይለዋል። ሹፌሩም ፈገግ ይላል።

አንድ ቀን ሱሪዬ ሰፋኝ ብሎ መጣ። ልብስ ሰፊው የኋላውን ስፌት ፈትቶ ወገቡን አጠበበለትና፣ ልታገባ ነው እንዴ እንዲህ የቀጠንከው ብሎ ሲያሾፍበት ዋለ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ያው ሱሪ ተመልሶ መጣ፤ አሁንም አጠበበው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ የኋላ ኪሶቹ ተጠጋግተው ሊነካኩ ደርሰዋል። ሌላ ሰፊ ቢሆን ይኼ ከዚህ በላይ አይጠብም ብሎ ይመልሰው ነበር። ዓይነ ሜትር ግን ይሸነፋል? ኪሶቹን ነቀለ፣ ወደ ጎን አራራቃቸው፣ እንደገና ተከላቸው። የነቀለበት ምልክት እንኳ አይታይም። ሥራውን ለገባ ለወጣው እያሳየ ሲኩራራ ዋለ፣ ወንድሙም እዚያው ቁጭ ብሎ ሲያይ ዋለ። ወይ ጉድ! ሱሪው ለምን ሰፋ ብሎ መጠየቅ በሐሳቡም አልመጣም። እድሜውን በሙሉ የተካነው ልብሱን ከሰውየው ጋር ማስማማት ነው፤ ሰውየውን ምን ነካው የሚለው ከመቀስና ከመርፌው ውጪ ነበር። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው።

የጠየቀችው የሹፌሩ ልጅ ናት። ራቅ ያለ ከተማ የምታስተምር መምህርት ናት። ለእረፍት ስትመጣ በሩን የከፈተላት አባቷ፣ አባቷ አልመስል አላት። አቅፋው አለቀሰች፤ በማግስቱም እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሐኪሟ ደሙን አስመረመረች፣ ልቡንና ሳንባውን አዳመጠች፤ ከዚያ ወንበሯን ጠጋ አድርጋ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ሟች ሚስቱ፣ ቀኑን በምን እንደሚያሳልፍ ረጋ ብላ ጠየቀችው። ሕመሙ ድባቴ የሚባል የአእምሮ ሕመም እንደሆነ፣ ብዙ ሰው እንደሚይዝ፣ እርጅና ይዞት የሚመጣ ዕጣ እንዳልሆነና ታክሞ እንደሚድን አስረዳችው። ክኒን አዘዘችለት። ክኒኑ ለውጥ ለማሳየት ሳምንታት እንደሚፈጅ፣ እሷን ሳያማክር እንዳያቆም፣ በየቀኑም ከሰው ጋር በእግሩ እንዲንቀሳቀስ አጥብቃ ነገረችው። ልጅቷ ይህን ሁሉ ለአጎቷ አስረድታ፣ አደራ ብላው ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

አደራ ተቀባዩ ከዚያ ሁሉ ንግግር የሰማው «የአእምሮ ሕመም» የሚለውን ብቻ ነው። ሰፈሩ ምን ይላል? ደንበኛው ምን ይላል? ሹፌሩ ክኒኑን ከጀመረ ሁለት ሳምንት ያህል ሆኖታል፤ አፉ ይደርቃል፣ ቀን ቀን ያንቀላፋዋል፣ ለውጥ ግን ገና አላየም። ይህንኑ ሊያዋየው ሲመጣ ልብስ ሰፊው የሱቁን በር ገርበብ አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

«ስማኝ። እኛ ቤት እብድ የለም። መድኃኒት ቢሆን ኖሮ እስካሁን ይሠራ ነበር። ጣለው።»

ሹፌሩ እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አደረገ።

«እሺ ጋሼ» አለ።

ጣለው። ሐኪሟም ዘንድ አልተመለሰም። ልጁ ስትደውል ደህና ነኝ ይላታል፤ አጎቷም ደህና ነው፣ ለእረፍት ብለሽ አትልፊ ይላታል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እዚህ ግን በሽተኛው አልደበቀም፣ የደበቀለት ወንድሙ ነው።

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። ሹፌሩ መጀመሪያ ሱቅ መምጣቱን ተወ፣ ቀጥሎ ከቤት መውጣቱን፣ በመጨረሻም ከአልጋ መውረዱን። ልብስ ሰፊው ምግብ ያመላልሳል፣ መስኮት ይከፍታል፣ ይመክራል፣ ይቆጣል። ተነስ፣ ፊትህን ታጠብ፣ ሰው ምን ይልሃል ይለዋል። ሰውማ ምንም አላለም፤ ሰው ረስቶታል። አንድ ጠዋት የተከደነውን ሳህን ሊያነሳ ሲገባ፣ ትናንት ያመጣው ምግብ እንዳለ ነው። ሊቆጣ አፉን ሲከፍት ሹፌሩ ወደ ግድግዳው እንደዞረ ተናገረ።

«ጋሼ፣ አንተን እንዳላሳዝንህ ብዬ ነው እንጂ፣ ጠዋት ባልነቃ ደስ ይለኛል።»

ልብስ ሰፊው ሳህኑን መልሶ አስቀመጠ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። በሰው ፊት አልቅሶ የማያውቀው ሰውዬ፣ ወንድሙን ካልሲ እያለበሰ አለቀሰ፣ ታክሲ ሲጠራ አለቀሰ፣ ታክሲው ውስጥም ባለታክሲው እያየው አለቀሰ። ሰፈሩ ምን ይላል ማለቱ የት እንደገባ እንጃ። ሐኪሟ ሕክምናውን ለምን እንዳቋረጠ ስትጠይቅ፣ ጋሼ መልስ ከመስጠቱ በፊት ታናሽየው ቀድሞ ረሳሁት አላት። እሷም አልተቆጣችም፤ ከሀ እንጀምር ብላ ሁለቱንም አስቀምጣ አስረዳቻቸው። ያን ቀን ጋሼ ያልተናገረው ነገር ውስጡ ቀረ።

መድኃኒቱ አልቸኮለም፤ በወር ተኩል ገደማ ግን ሹፌሩን እንቅልፍ ወሰደው። ሰነባብቶ ራበኝ አለ። ሐኪሟ ባለችው መሠረት ሁለቱ ሽማግሎች ጠዋት ጠዋት በኳስ ሜዳው ዙሪያ መሄድ ጀመሩ፤ መጀመሪያ ግማሽ ዙር፣ ኋላ ሙሉ። የቀድሞ ባልደረቦቹ አዩትና ተቀላቀሉ። በሦስተኛው ወር ያ የድሮ ወሬው መጣ፤ ሜዳውን ሁለቴ ዞረው ወሬው ስላላለቀ ሰዎቹ ሦስተኛ ይዞራሉ። ልብስ ሰፊው አብሮ ይስቃል፤ ስቆ ሳይጨርስ ግን ያስባል። ይኼ ሰውዬ ለካ ሁልጊዜም ነበረ። ሞቶ አልነበረም፣ አርጅቶም አልነበረም፤ ታሞ ነው። ያን ሁለት ዓመትም እንዲህ ሊስቅበት ይችል ነበር። ይህን ለወንድሙ ሊነግረው በየጠዋቱ ይወጣል፣ በየጠዋቱ ሳይነግረው ይገባል። ወንድሙን ደስ ብሎት ሲያየው አፉ ይታሰራል። ነገ ይሻላል እያለ ዓመቱን ጨረሰ።

እሱ ነገ ሲል፣ ሹፌሩ አንድ ጠዋት ቁርሱን በልቶ፣ ጫማውን አስሮ፣ ወንድሙን ሲጠብቅ ወንበር ላይ እንዳለ ልቡ ቆመ። ሐኪሟ ልቡ ቀደም ብሎ ደክሞ እንደነበር ተናገረች፤ አልጋ ላይ ያሳለፋቸው ዓመታት ጎድተውት ይሆን ብሎ ልብስ ሰፊው ሲጠይቃት፣ ይህን ማንም በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም አለችው። እሱ ግን ለራሱ በእርግጠኝነት ነገረው።

ለቀስተኛው ቤቱን ሞላው፤ የገባው ሁሉ የሚያወድሰው ልብስ ሰፊውን ነው። ወንድም ማለት እንዲህ ነው፣ እጁን ይዞ ከአልጋ ያስነሳው እሱ ነው፣ አንድ ጠዋት አልተለየውም ይላሉ። ሰው ሲቀል ጊዜ ልጅቷ ብርጭቆ ወደምታጥብበት ጓዳ ገብቶ በሩ ላይ ቆመ። ልብሷን ማየት እንኳ አልቻለም፤ መሬት መሬት ነው የሚያየው።

«እነዚህ ሰዎች የሚያወሩት ውሸት ነው» አላት። «ያኔ አንቺ ስትሄጂ መድኃኒቱን ያስጣልኩት እኔ ነኝ። ደህና ነው ብዬ የዋሸሁሽም እኔ ነኝ።»

ልጅቷ ቧንቧውን ዘጋች፤ ፊቷን ግን አላዞረችም።

«አውቃለሁ አጎቴ። አባዬ ባለፈው ዓመት ነግሮኛል። ፈርቶ ነው፣ ክፉ አስቦ አይደለም፣ እንዳትቀየሚው አለኝ።»

ልብስ ሰፊው የበሩን መቃን ያዘ።

«እየሞከርኩ ነው» አለች፤ ቀጥሎ ያለውን ብርጭቆም አንስታ ማጠብ ጀመረች።