አያ ተገኘ የተሸከሙት ድንጋይ

ይህን ለነፍስ አባቴም አልተናገርሁም፤ ለልጆቼም። የመጀመሪያ ሰሚዎቼ እናንተ ናችሁ።

አዘዞ፣ እኔ ጓሮ፣ መስቀል ካለፈ በኋላ ከሩቅ አገር ትንንሽ ቢጫ ወፎች ይመጣሉ። ጌሾዬ ላይ ትል እየለቀሙ፣ እየዘመሩ ይከርማሉ፤ ለፋሲካ ግድም ይሄዳሉ። በርጩማ አውጥቼ እነሱን ማየት ልማዴ ነው።

ከአራት ዓመት በፊት ጌሾውን ትል ፈጀው። መድኃኒት ገዝቼ ረጨሁ። እኔ ነኝ የረጨሁት፣ በገዛ እጄ። በሦስተኛው ቀን ወፎቹን ከጌሾው ሥር ረግፈው አገኘኋቸው። የጎረቤቴ የአያ ተገኘ ድመት አጠገባቸው ቆማ ታሸታለች። በቃ፣ ፈረድሁባት።

አያ ተገኘ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ከዚያች ድመት በቀር በቤታቸው ማንም የለም። ይህን አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። ሽማግሌ ሰበሰብሁ።

«እሷ እንኳን ወፍ አይጥም አትይዝ፤ እንደኔው ጥርሷ አልቋል» አሉ አያ ተገኘ። ሰው ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም። ድመቷ ከሰፈር ትውጣ፣ እሳቸውም ይቅርታ ይጠይቁ ተባለ። በዚያው ቀን በሚኒባስ ጠዳ ወስደው ለእህታቸው ሰጧት።

በማግስቱ ጠዋት አንዲት ወፍ ዓይኔ እያየ ከጌሾው ላይ ወደቀች። ድመት የለ፣ ቁስል የለ። ያን ጊዜ ገባኝ። ምን አደረግሁ? ቀበርኋት፤ እጄን ታጠብሁ።

ከሰዓት በኋላ አያ ተገኘ እንደ ወጉ ድንጋይ በትከሻቸው ተሸክመው ከደጄ ቆሙ። «እቴ፣ ለወፍ ብሎ ድንጋይ የተሸከመ ሰው ከኔ በፊት ሰምተሻል?» አሉኝ።

መናገር እችል ነበር። «ይቅር ለእግዚአብሔር፤ ያውርዱት» አልሁ። በዳይዋ እኔ፣ ይቅር ባይዋም እኔ። በእድሩ፣ በውኃ ወረፋው «ፍርድ ይስተካከል» እያልሁ የምሟገተው ያው እኔ።

ድንጋዩ ዛሬም ጓሮዬ ነው። የወፎቹን ውኃ አስቀምጥበታለሁ። ዘንድሮም መጥተው ይጠጣሉ፤ እኔ ግን ድንጋዩን እንጂ ወፎቹን አላይም።

አላወቅሁም ነበር ብዬ አላመካኝም። ያላወቅሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ አራት ዓመት አውቄ ዝም ብያለሁ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ድንጋዩን እኔ እሸከመዋለሁ። የአያ ተገኘ ጆሮ ከብዷል፤ ስለዚህ ከደጃቸው ቆሜ ጮክ ብዬ ነው የምናገረው። ሰፈሩም ይስማ። አውርጂው እስኪሉኝ አላወርደውም፤ ሳይሉኝ ቢቀሩም ፍርዱ ትክክል ነው።