ሥራ አጥ ያልኳቸው ሸክላ ሠሪ

ባለፈው ሳምንት ሆሳዕና ውስጥ አንድ ቢሮ ለጉዳይ ተሰልፌ ሳለሁ፣ ጸሐፊዋ ከፊቴ የነበሩትን ሽማግሌ «ሲስተሙ ውስጥ የለም» ብላ መለሰቻቸው። ሰውዬው ወረቀታቸውን አጥፈው ወጡ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። እንዲህ ያለውን ነገር እኔም አንድ ጊዜ አድርጌዋለሁ።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከምባታ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ የወረዳው ቢሮ ኮምፒውተር ባገኘ ሰሞን፣ በኮንትራት ተቀጥሬ የነዋሪዎችን መታወቂያ እጽፍ ነበር። ጊዜው ክረምት ነው። ባለጉዳዩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ ይገባል፤ ክፍሉ እርጥብ ጋቢና የተቀቀለ በቆሎ ይሸታል። ፕሮግራሙ ላይ «ሥራ» የሚለውን ስጫን ዝርዝር ይወርዳል፦ ገበሬ፣ ነጋዴ፣ መምህር፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ሥራ አጥ። ከእነዚህ አንዱን መምረጥ ነው፤ ሌላ መጻፍ አይቻልም።

ወይዘሮ አየለች የሚባሉ ሸክላ ሠሪ መጡ። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አየሁና «ሥራ አጥ» የሚለውን መረጥኩላቸው። መታወቂያውን ሰው አስነብበው በማግስቱ ተመለሱ።

«የኔ ልጅ፣ የሀደሮ ገበያ ድስት ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከእናንተ ነዋ።»

«ታዲያ እኔ ሥራ የፈታሁት መቼ ነው?»

እውነቱን ለመናገር፣ እኛ ቤት ጎመኑ የሚበስለው በእነዚያ ሴቶች ድስት ነበር፤ እነሱን ግን ከደጃፍ አናሳልፍም። አፈርኩ።

አሠልጣኛችን ዝርዝሩን እንዳንነካ አስጠንቅቆን ነበር። «ሥራ አጥ» የሚለውን ሁለቴ ጠቅ ሳደርገው ግን ተከፈተ። አጠፋሁትና «ሸክላ ሠሪ» ብዬ ጻፍኩበት፤ አዲስ መታወቂያም አትሜ ሰጠኋቸው።

የዝርዝሩ ቃል ሲቀየር በዚያ ቃል የተመዘገበው ሰው ሁሉ አብሮ እንደሚቀየር አላወቅኩም። በሦስተኛው ቀን ኃላፊያችን አቶ ሀንዲኖ አንድ ወረቀት እያርገበገቡ ገቡ። የወረዳው ሥራ አጥ በሙሉ ሸክላ ሠሪ ሆኗል፤ ኮሌጅ የጨረሰው ልጃቸው ሳይቀር።

«ልጄን ሸክላ ሠሪ ታደርጊዋለሽ?»

«እሱ ስህተት ነው፣ አሁኑኑ አርመዋለሁ። ወይዘሮ አየለችን ግን ሥራ አጥ አልልም።»

«ዝርዝሩ እኮ ከላይ የመጣ ነው!»

«ከላይ ሸክላ ሠሪ አይኖር ይሆናል። እዚህ ግን አለ።»

እሳቸው ቆመው እያዩኝ፣ «ሥራ አጥ»ን መለስኩ። ከሥሩ አዲስ መስመር ከፍቼ «ሸክላ ሠሪ» አልኩበት፤ የወይዘሮ አየለችንም መዝገብ አውጥቼ ወደዚያ አዛወርኩት። አቶ ሀንዲኖ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ጥለው ወጡ።

ኮንትራቴ አልታደሰም። ከለቀቅኩ በኋላ አንድ የቢሮ ባልደረባዬ ያንን መስመር እንዴት እንደሚሰርዙት ሊጠይቀኝ ሁለት ጊዜ ቤት ድረስ መጣ። «አላውቅም» አልኩት። አውቅ ነበር። እነሱ መላ ሲፈልጉ የአካባቢው ሸክላ ሠሪዎች አንድ በአንድ እየመጡ በዚያው መስመር ተመዘገቡ።

ይህን ጀግንነት አልለውም፤ መጀመሪያ የበደልኩት ራሴ ነኝ። ግን ዛሬም መጥተው ቢጠይቁኝ፣ «አላውቅም» ነው የምላቸው።