በበዓለ ሃምሳ የጾምኩት ጾም

ወንድሜ ከተቀበረ በአራተኛው ቀን መጾም ጀመርኩ። ጠዋት ተነሥቼ አርባ አንድ ጊዜ እሰግዳለሁ፤ ከዚያ ደብረ ታቦር ወደምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት እሄዳለሁ፤ እስከ ማታ እህል አልቀምስም። ፋሲካ ካለፈ ገና ሁለት ሳምንቱ ነበር። በእነዚያ ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ እንደማይጾም፣ እንደማይሰገድም፣ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ስለዚህ ተደብቄ ነበር የማደርገው። ምግብ ሲቀርብልኝ «ሆዴን አሞኛል» እላለሁ።

በዚያ ሰሞን ወደ እግዚአብሔር እየቀረብኩ መስሎኝ ነበር። አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል።

ያሳደገኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። ከእብናት መንገድ ገባ ብሎ ካለው ቀበሌያችን እያረሰ፣ እኔ ከተማ ተከራይቼ ስማር፣ በየሳምንቱ ስንቄን ተሸክሞ ያመጣልኝ ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ስወድቅ ግን ገበያ መሀል፣ ሰው ፊት፣ «ደብተርህን ለፍየሎቹ ስጣቸው፤ ከአንተ ይልቅ እነሱን ይጠቅማቸዋል» አለኝ። ሰዎቹ ሳቁ። እሱም ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አላናገርኩትም። ስድስት ወር።

ሰሙነ ሕማማት ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ሥራ ቦታዬ ድረስ መጣ። በፌስታል ዳቦ ይዟል። አልገባም፤ በሩን እንደያዘ ቆመ።

«ለፋሲካ ከሚስቴ ጋር ልንቆርብ ነው» አለኝ። «አንተ ተቀይመኸኝ እንዴት እቆርባለሁ? አጥፍቻለሁ። ይቅር በለኝ።»

ወንድሜ «አጥፍቻለሁ» ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«ለመቁረብህ ብለህ ነው እንጂ ለእኔ ብለህ አልመጣህም» አልኩት። ዳቦውንም መለስኩለት። «ከፋሲካ በኋላ እናየዋለን።»

ማሽኑ እየሠራ ነበር። ፊቴን ወደ ወረቀቱ አዞርኩ። ቀና ስል ሄዷል።

ከፋሲካ በኋላ በስምንተኛው ቀን ታመመ። በማግስቱ ሞተ። ሐኪም ቤት ስደርስ ተሸፍኖ ነበር።

ለቅሶ በተቀመጥን በሦስተኛው ቀን፣ ከቤቱ ጓሮ ቆሜ ሳለሁ፣ የወንድሜ ሚስት ለጎረቤቷ ስትናገር ሰማሁ።

«ልብሳችንን አጥቤ፣ ሁሉን አዘጋጅቼ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ስንደርስ 'አንቺ ግቢ፣ እኔ አልተዘጋጀሁም' አለኝ። ያለሱ እንዴት እቆርባለሁ? ሁለታችንም ሳንቆርብ ተመለስን። ምን ደብቆኝ ይሆን? ሌላ ሴት ይሆን?»

«ተይ እታለም» አለቻት ጎረቤቷ፣ «ገና አፈሩ እንኳ አልደረቀም።»

ወደ እነሱ ለመግባት ሁለት እርምጃ ነበር የቀረኝ። ወደ ኋላ ተመለስኩ። ጾሙን የጀመርኩት በማግስቱ ነው።

ሦስት ሳምንት ጾሜ ሰግጄም ልቤ አላረፈም። የቤተሰባችን የንስሐ አባት ዘንድ ሄድኩ። አጥራቸውን እየጠገኑ አገኘኋቸው።

«መምሬ፣ እየጾምኩ እየሰገድኩ ነው። ግን አልበቃኝም። ቀኖናውን ይጨምሩልኝ» አልኳቸው።

«ማን የሰጠህን ነው የምጨምርልህ?»

«ራሴ ነኝ የጀመርኩት።»

«በበዓለ ሃምሳ?»

«አዎ፣ በበዓለ ሃምሳ።»

«እንዴ! ከሳሽ አንተ፣ ዳኛ አንተ፣ እስረኛ አንተ! ወረዳው እንኳ ለዚህ ሁሉ ሥራ ሦስት ሰው ይቀጥራል እኮ!» ብለው ሳቁ። ፊቴን ሲያዩ ግን ሳቃቸውን ዋጡት። «ተቀመጥ። ምን አድርገሃል?»

ነገርኳቸው። የወንድሜም የንስሐ አባት እሳቸው ነበሩና፣ ስለዚያ ቀን ነግሯቸው እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«እሱ የነገረኝ ከእኔ ጋር ይቀበራል» አሉ። «ይቅርታ ለምኖሃል፤ የእሱ ድርሻ ያ ነበር። ለነፍሱ አትስጋ። እኔ የምሰጋው ላንተ ነው። ይህን ሁሉ ስትጾም ከማን እየሸሸህ ነው?»

መልሱን አውቀው ነበር። የወንድሜ ሚስት ቤት ከሄድኩ ምግብ ታቀርብልኛለች። ከቀረበልኝ እቀመጣለሁ፤ ከተቀመጥኩ ፊቷን አያለሁ። ጾሙ የተመቸኝ ለዚያ ነው።

«እንግዲህ ቀኖናህ ይህ ነው» አሉኝ። «ጾሙን ፍታ። ቅዳሜ የወንድምህ ቤት ሄደህ እህል ቅመስ። ለእኔ የነገርከኝንም ለእሷ ንገራት።»

«መምሬ፣ ሦስት መቶ ስግደት ቢያዙኝ ይሻለኛል።»

«አውቃለሁ» አሉ፤ ወደ አጥራቸውም ተመለሱ።

ቅዳሜ ሄድኩ። እንቁላል ጠብሳ አቀረበችልኝ።

«ከሳህ እኮ! ከተማ እህል የለም እንዴ?»

ሁለት ጊዜ ጎረስኩ። ከዚያ ነገርኳት። በቅደም ተከተል አልነበረም፤ ዳቦውን አስቀድሜ፣ ገበያውን አስከትዬ፣ «ይቅር በለኝ» ያለውን መጨረሻ ላይ። «ሌላ ሴት አልነበረችም» ብዬም ጨመርኩ።

«ስጠረጥረው ሰምተኸኛል?» አለችኝ።

«ሰምቻለሁ።»

«መቼ?»

«በሦስተኛው ቀን። ከጓሮ ነበርኩ።»

«አንድ ወር ሊሞላ ነው» አለች። «አንድ ወር ሙሉ እንባዬ ሲመጣ እየተቆጣሁ መለስኩት። በወጉ እንኳ አላለቀስኩለትም።»

ያኔ አለቀሰች። ልነሣ ወይስ ልቀመጥ አላወቅሁም። ተቀመጥኩ። ስሸሸው የኖርኩት ፊት ይኸው ነበር፤ አየሁት። ኃጢአቴን ትልቁን ብቻ ነበር የማውቀው፤ ወንድሜን ገፍቼ መመለሴን። ዝምታዬ በየቀኑ የሚደረግ ሌላ ኃጢአት እንደሆነ ያወቅሁት እዚያ ነው።

ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ አጥሩ ወጣችና ጎረቤቷን ጠራቻት። ሴትዮዋ እጇ ሊጥ እንደሆነ መጣች።

«ይህችም እንደኔው አስባለች» አለችኝ የወንድሜ ሚስት። «አንተው ንገራት።»

እንደገና ጀመርኩ። ለመምሬ መሬት መሬት እያየሁ ነበር የነገርኳቸው። አሁን ግን ቀና አልኩ። «ወንድሜ ምንም አልደበቀም። ይቅርታ ሊጠይቀኝ መጥቶ እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ያልቆረበው በእኔ ነው። የደበቅሁትም እኔ ነኝ» አልኩ።

ጎረቤቷ ክንዷን አፏ ላይ ጫነች። የወንድሜ ሚስት ፊቷን ወደ ውጭ አዙራ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ይቅር አላለችኝም። እኔም ያን ቀን አልጠየቅኋትም።