እርሾ ፍለጋ ወደ ዘመሮ ቆላ

ከሞላሌ የተነሳሁት በኅዳር መጨረሻ፣ ውርጭ በበዛበት ሰሞን ነው። የሄድኩት ለአክስቴ ጋን እርሾ ፍለጋ ነበር። መንገዱ ለብዙ ሰው ሩቅ አይባልም፤ እኔ ግን ከመሐል ሜዳ ገበያ አልፌ ስለማላውቅ ያየሁትን ሁሉ እንደ ሩቅ አገር ነው ያየሁት።

መጀመሪያ የሄድኩበትን ምክንያት ላስረዳ። አክስቴ ዘነቡ ሞላሌ ውስጥ ጠላ ትሸጥ ነበር። እኔም ስድስተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ከእሷ ጋር ኖርኩ። አክስቴ በጠመቀች ቁጥር ከጋኑ ሥር ከሚቀረው አተላ ጥቂት ታነሳና በጥላ አድርቃ በቅል ታስቀምጣለች። ለሚቀጥለው ጥንስስ ከዚያ በእፍኝ ትበትናለች። እርሾ የምትለው እሱን ነው። በብርዱ ወራት የሌላው ቤት ጥንስስ ተኝቶ ሲከርም የእሷ ቶሎ ይፈላ ነበር።

አክስቴ በክረምት አረፈች። ለለቅሶ የመጡ የጎረቤት ሴቶች እኔን ለማገዝ ብለው ጋኖቹን ሁሉ በፈላ ውሃ አጠቡ፣ በግራዋ ፈተጉ፣ በወይራ አጠኑ። ቅሉ ውስጥ የነበረውን ደረቅ አተላ ቆሻሻ መስሏቸው ለላም ሰጡት። ያ ቤት እንደዚያ ቀን ጸድቶ አያውቅም። እኔ ጥግ ተቀምጬ አለቅስ ስለነበር ያየሁት ካለቀ በኋላ ነው።

ብርዱ ሲገባ ጥንስሴ አልነሳ አለ። ሲጣፍጥ ይቆይና በመጨረሻ ይኮመጥጣል። የአክስቴ ደንበኞች ለይሉኝታ አንድ ጣሳ ጠጥተው ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ወደ ባዩሽ ጠላ ቤት ይሻገራሉ። እኔ ያለሁበት ቤት የአጎቴ ነው። ጋኖቹ እስከ ጥር ማርያም ካልሠሩ ክፍሉን ለእህል ነጋዴ እንደሚያከራየው፣ እኔም ወደ አባቴ ቤት እንደምመለስ ነገረኝ። በክፋት አልነበረም የተናገረው። ግን አባቴ ሌላ ሚስት አግብቶ ልጆች ስላሉት በዚያ ቤት ለእኔ የሚሆን መደብ የለም።

አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እትዬ አስካለ የሚባሉ የአክስቴ ጓደኛ፣ ባላቸውን ተከትለው ከዘመሮ በታች ወዳለው ቆላ ሲወርዱ፣ እኔ ሳልወለድ፣ እርሾ ወስደው እንደነበር አክስቴ ደጋግማ ታወራ ነበር። እሳቸው ዘንድ ካለ አለ፤ ከሌለ የለም።

መሐል ሜዳ

ከሞላሌ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ መሐል ሜዳ ሲደርስ ፀሐይዋ ገና ሙቀት አልነበራትም። የአጥር ሣሩ በውርጭ ነጭቷል። ወደ ዘመሮ የሚሄደው አይሱዙ ጭነት እስኪሞላ ድረስ አንዲት ሻይ ቤት ገብቼ በር አጠገብ ተቀመጥኩ። ሻይና ዳቦ አዘዝኩ። ዳቦው የትናንት ነበር።

ከጎኔ ካኪ ጃኬት የለበሰች፣ እግሯ ሥር ሰማያዊ የበረዶ ሳጥን ያስቀመጠች ወጣት ሴት ነበረች። ሰላማዊት እባላለሁ አለችኝ። ከዩኒቨርሲቲ የመጣች ናት፤ ከየቤቱ የእንጀራና የጠላ እርሾ እየሰበሰበች ትመረምራለች። ከሰው ጋር ቶሎ የምግባባ አይደለሁም። እርሾ የሚለውን ቃል ስሰማ ግን የመጣሁበትን ነገርኳት። ወዲያው አብሬሽ እሄዳለሁ አለች። ከደጋ ወደ ቆላ የወረደ፣ መነሻው የሚታወቅ እርሾ ስትፈልግ ነበር የከረመችው።

አይሱዙው ላይ ለሁለታችን ጋቢና ለመነችልን። ረዳቱ ሳጥኑን ሲያነሳ ምን እንደሆነ ጠየቀ።

«እርሾ ነው» አለችው።

«እርሾ በረዶ ውስጥ? እናቴ ብትሰማ ታለቅስልሽ ነበር።»

ሾፌሩ ሳይዞር፣ «አርፈህ ጫን። መንዝን የሚያህል በረዶ ቤት እያለ ሳጥን ተሸክማ የመጣችው እሷ፣ አንተን ምን አደከመህ» አለው።

በመንገድ ላይ ሰላማዊት ብዙ አጫወተችኝ። እርሾ ማለት በዓይን የማይታዩ ሕያው ነገሮች ናቸው። ሁሉም አንድ አይደሉም፣ ወገን ወገን አላቸው። አንዱ ብርድ ይችላል፣ አንዱ ሙቀት ይችላል፣ አንዱ ደግሞ መጠጡ ሲጠነክር ራሱ ባፈላው ጠላ ይሞታል። በእያንዳንዱ ውስጥ ከወላጁ የወረሰው ትእዛዝ አለ። ትእዛዙ ሁሉ ግን ሁልጊዜ አይሠራም፤ ሲበርድ የሚነቃ አለ፣ ሲሞቅ የሚነቃ አለ። ሁለት ወገኖች ያው ትእዛዝ እያላቸው አንዱ ዘንድ ጎልቶ ሲሠራ ሌላው ዘንድ ደከም ሊል ይችላል። የእሷ ጥናት ይህን ልዩነት ማወቅ ነው።

በዚያ መንገድ ሁሉ እኔ የጠየቅኳት አንድ ነገር ብቻ ነው። ቆላ ብዙ ዓመት የከረመ እርሾ ብርዱን ይረሳ እንደሆነ ጠየቅኳት።

«አላውቅም። ሊረሳም ይችላል፣ ተኝቶበትም ሊሆን ይችላል» አለች።

ዘመሮ

ዘመሮ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። መንገዱ አቧራ ነው፤ ግራና ቀኙ የታጨደ የገብስ ማሳ፣ የድንጋይ ካብና በግ ነው። ያደርንበት አልጋ ቤት ግድግዳው ጭቃ፣ ጣራው ቆርቆሮ ሲሆን አልጋው አሥር ብር ነበር። እራት ሽሮ በገብስ እንጀራ በላን። ባለቤቷ ብርዱን አይታ ተጨማሪ ባና ሰጠችን። ከበግ ጠጉር የተሠራ ወፍራም ባና ስለሆነ ይከብዳል፤ ከገቡበት ግን መውጣት አያስመኝም።

ጠዋት የአልጋ ቤቷን ባለቤት ስለ እትዬ አስካለ ጠየቅናት። በገበያ ቀን ማሽላ ይዘው ሲመጡ እንደምታውቃቸው፣ ቤታቸውም ከቁልቁለቱ በታች ከወንዙ በፊት እንደሆነ ነገረችን።

ቁልቁለቱ

ሜዳው በድንገት ያልቅና ገደል ይጀምራል። ከአፋፉ ሆኖ ታች ያለው አገር ጭጋግ ለብሶ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። መንገዱ በድንጋይ መሐል የሚጠማዘዝ የአህያ መንገድ ነው። ማሽላ የጫኑ ገበያተኞች ሽቅብ ይመጣሉ፣ እኛ ቁልቁል እንወርዳለን። አንዲት ሸክላ የተሸከመች ሴት የሰላማዊትን ሳጥን አይታ መድኃኒት የምናድል መስሏት ስለ ጉልበቷ ሕመም ነገረችን። ሰላማዊት አለመሆናችንን ስታስረዳት ሴትየዋ፣ «እንግዲያ ምን ልትሠሩ ትወርዳላችሁ?» አለችን። እርሾ አልናት። ከአቀበቱ ይልቅ እኛ ያስገረምናት መሰለኝ።

በወረድን ቁጥር ልብስ እየቀነስን ሄድን። መጀመሪያ ጋቢ፣ ከዚያ ሹራብ። የደጋው ተክል፣ ጅብራውና አስታው፣ አፋፉ ላይ ቀርቶ ቁልቋልና ግራር መጣ። ጠዋት ጣቴ ደንዝዞ ነበር፤ እኩለ ቀን ላይ ላብ ዓይኔ ውስጥ ይገባ ጀመር። በአንድ ቀን ሁለት አገር ማየት ማለት ይህ ነው። እርሾውም በዚህ መንገድ በቅል ሆኖ ወርዷል፤ ምን ተሰምቶት ይሆን ብዬ አሰብኩ።

እትዬ አስካለ ቤት

እትዬ አስካለ ቀጭን፣ ረዥም፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሴት ናቸው። ገነት ከምትባል የልጅ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ማን እንደሆንን ሳይጠይቁ አስገቡን፤ እንግዳ ሳይቀመጥ አይጠየቅም። ገነት የማሽላ ጠላ ቀዳችልን። ከአክስቴ ጠላ ጠቆር ያለና የሚያቃጥል ነው። በመጨረሻ ላይ ግን ምላሴ የሚያውቀው አንድ መራራነት ነበረው። እኔ እንደ ልማዴ አንገቴን ደፍቼ ስቀር ሰላማዊት ተናገረች።

«እትዬ፣ የመጣነው ስለ ዘሩ ነው። ዘሩ ከየት እንደመጣ፣ የደጋ ይሁን የቆላ፣ ከሌላ ጋር የተቀላቀለም ከሆነ መርምረን ማወቅ እንፈልጋለን።»

እትዬ አስካለ የያዙትን ጣሳ አስቀመጡ። ገነትም ወደ ጓዳ ገባች።

«ማን ነው የላካችሁ?»

«ዩኒቨርሲቲው ነው።»

«ደግ። የሙሽራው ወገን ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄደ በሉኛ።»

በኋላ እንደሰማነው ገነት በዚያ ሰሞን ታጭታ ነበር። የልጁ ቤተሰቦች እትዬ አስካለ ከደጋ የመጡ ስለሆኑ ዘራቸውን የሚያውቅ ሰው እያፈላለጉ ነበር። ሰላማዊት ይህን አታውቅም። የእርሾ ነው ልትል አፏን ስትከፍት እሳቸው ቀድመው መቁጠር ጀመሩ። የአባታቸውን አባት፣ የእሱን አባት፣ እያሉ እስከ ሰባት ቤት ወጡ። ከዚያ ወደ እናታቸው ተሻግረው እንደገና ከታች ጀመሩ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። ሲጨርሱ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ሰባቱን ቆጠርኩላችሁ። ስምንተኛውን የፈለጋችሁ እንደሆነ መቃብሩ ደጋ ነው፣ ውጡና ራሱን ጠይቁት። ጠላችሁን ጨርሱና መንገድ ሳይመሽባችሁ ሂዱ።»

ሰላማዊት ወደ እኔ ዞረች። ወጥተን ብንሄድ ያ ሁሉ ቁልቁለት ለከንቱ ነው፤ ጥር ማርያምም ሩቅ አልነበረም። እንዴት እንደተናገርኩ አላውቅም።

«እትዬ፣ የእርሾውን ዘር ማለቷ ነው። እኔ የሺ ነኝ፣ የሞላሌዋ የዘነቡ የወንድም ልጅ። አክስቴ ከሞተች ወዲህ ጋኑ አልፈላ ብሎኝ ነው። እርሾ ያበድሩኝ።»

እትዬ አስካለ ወደ እኔ ዞሩ።

«ዘነቡ ሞተች?» አሉ።

መርዶ ደርሷቸዋል ብዬ ነበር። አልደረሳቸውም። በእኛ አገር መርዶ በማለዳ፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ በሚያውቅ ሰው አፍ ይነገራል። እኔ በጠራራ ፀሐይ፣ በጋንና በእርሾ መሐል ወርውሬው አረፍኩ። እትዬ አስካለ በሁለት እጃቸው ደረታቸውን ይዘው መደቡ ላይ ተቀመጡ። ገነት ጎረቤት ለመጥራት ሮጠች። ብዙም ሳይቆይ ቤቱ በሴቶች ሞላ። ሰላማዊት ሳጥኗን በር ኋላ ደብቃ ከለቀስተኞቹ ጋር ተቀመጠች። ለማታውቃት ሴት አብራን አለቀሰች።

በማግስቱ እትዬ አስካለ ፊታቸውን ታጥበው መጡና አጠገቤ ተቀመጡ።

«ስንት መርዶ ሰምቻለሁ፤ እንዳንቺ ያረዳኝ የለም» አሉኝ። ይቅርታ ልጠይቅ ስል በእጃቸው ከለከሉኝ። «እርሾ ይስጡኝ ብለሽ ቢሆን አልሰጥሽም ነበር። ያበድሩኝ አልሽ። ዘነቡም ያበደረችኝ ነው። ሳልመልስላት ሄደች።»

በእኛ ዘንድ እርሾ አይሰጥም፣ ይበደራል። የወሰደች ሴት ሲሠራላት ከራሷ ጋን ትመልሳለች። ይህን ቃል አክስቴ ስትለው እየሰማሁ ያደግኩ ስለሆነ ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው። እትዬ አስካለ ከጓዳ አንድ ቅል አመጡ። ከደረቀው አተላ ግማሹን በጨርቅ ቋጥረው ሰጡኝ። ለሰላማዊትም በማንኪያ ጨመሩላት።

«አንቺም መልሺ» አሏት።

ሰላማዊት እንዴት እንደሚመለስ ግራ ቢገባትም እሺ አለች። ስንወጣ እትዬ አስካለ እስከ በር ሸኙን። «ከሙሽራው ቤት ካልሆናችሁ ያን ሁሉ አያት በከንቱ አደከምኩት» አሉ።

መልስ

አቀበቱ ቁልቁለቱን አስረሳኝ። ቋጠሮውን ብብቴ ሥር ይዤ፣ ባረፍን ቁጥር እየነካሁት ወጣሁ። ዘመሮ አድረን መሐል ሜዳ ላይ ከሰላማዊት ጋር ተለያየን። ወደ ሌሎች ቤቶች ስትሄድ ዘር የሚለውን ቃል እንደማታነሳ ነገረችኝ።

ሞላሌ እንደገባሁ ጠነሰስኩ። ጌሾውንና ብቅሉን ካዋሃድኩ በኋላ የእትዬ አስካለን እርሾ በእፍኝ በተንኩ። ጋኑን በአሮጌ ባና ሸፈንኩት። ምንም አልሆነም። ጆሮዬን ጋኑ ላይ አስደግፌ አዳምጣለሁ፤ የሚሰማኝ ከመንገዱ ማዶ የባዩሽ ቤት ሳቅ ነው። አጎቴ አንድ ጊዜ መጥቶ ጋኑን አየ፣ እኔን አየና ሄደ። እርሾው ብርዱን ረስቶታል ብዬ ዕቃዬን በዓይኔ መቁጠር ጀመርኩ።

ከዚያ አንድ ጠዋት በደረቅ ቅጠል ላይ ካፊያ ሲወርድ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ባናውን ገለጥኩ። ጥንስሱ ተነስቶ ነበር። እንደ አክስቴ ጊዜ አልፈጠነም፤ እየተኛ እየነቃ ነው የሠራው። ጠላው ሲደርስ መጀመሪያ የመጡት የአክስቴ የድሮ ደንበኛ አቶ ደምሴ ናቸው። አንድ ጊዜ ጎንጨት ብለው ጣሳውን ዝቅ አደረጉ።

«ይኼ የዘነቡ አይደለም» አሉ። ደግመው ጠጡ። «የዘነቡ ዘመድ ግን ነው።»

ጣሳው እንዲሞላላቸው ሰጡኝ። በሚቀጥለው ጥንስስ ፈጠን አለ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ይበልጥ። ጥር ማርያም ላይ አጎቴ እንግዶች ይዞ መጥቶ ጠጣ፤ ስለ እህል ነጋዴው ሳያነሳ ወጣ። ብድሬንም በገበያተኛ እጅ ወደ ዘመሮ ላክሁ። እትዬ አስካለ የላኩት መልስ፣ እርሾሽ ቆላ ሲወርድ አብዶ ከጋኑ ገንፍሎ ወጣ የሚል ነበር። የገነት ሠርግ ቀን መቆረጡንም ጨመሩበት። የሰላማዊት ምርመራ ገና አላለቀም።

ካሰብኩት ውጭ የሆነው ከበዓሉ በኋላ ነው። ባዩሽ ጣሳ እንኳ ሳትይዝ መንገዱን ተሻግራ መጣችና በራፌ ላይ ቆመች። ውርጩ ሲጠና የእሷም ጥንስስ እምቢ ብሏታል።

«የሺ፣ እርሾ አበድሪኝ» አለች።

ደንበኞቼን አሰብኩ። ከዚያ ያን የለቅሶ ቀን አሰብኩ፤ እነዚያ ደጋግ ሴቶች በአንድ ድስት የፈላ ውሃ ያጠፉትን። እርሾው በአንድ ጋን ብቻ ስለነበር ነው የጠፋው። የተረፈው አንዲት ሴት ተበድራ ገደል ስለወረደች ነው። ከጉዞዬ ያገኘሁት ትምህርት ይኸው ነው፤ እሱንም የተማርኩት በራፌ ላይ ቆሜ ነው። ጓዳ ገብቼ ቅሉን አወጣሁና ግማሹን ቋጠርኩላት።

አሁን እርሾው በሦስት ቤት አለ። እኔ የሞትኩ ቀን ሴቶቹ ጋኖቼን እንዳሻቸው ይጠቧቸው።